ማድረቂያ ማሽኑ ከቤቱ መሃል ነው፤ እርጥቡን አየር በየት በኩል ላውጣው?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ግራና ቀኙን ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዝተን ገብተናል። ቤቱ በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። ማጠቢያውና ማድረቂያው የተቀመጡት ፎቁ ላይ፣ በመኝታ ቤቶቹና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የላትም፤ ከአራቱ ግድግዳዎቿ አንዱም ከውጭ ጋር አይገናኝም። ማድረቂያው በ240 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራው የተለመደው ዓይነት ነው።

ብርዱ ሲጀምር የመኝታ ቤቶቹ መስኮቶች ማልቀስ ጀመሩ። ማሽኑ በሠራ ቁጥር ውሃ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ የመስኮቱ ደፍ ይረጥባል። የመተላለፊያው ኮርኒስ ቀለሙ ተላጠ፤ በማዕዘኑ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። አንድ ዙር ልብስ በአንድ ጊዜ አይደርቅም፤ ደግሞ ማስነሳት ግድ ነው። ባለቤቴ ማሽኑን ጎትቶ ሲያይ ከጀርባው ነጭ የፕላስቲክ ተጣጣፊ ቱቦ ተሰክቷል፤ ቱቦው በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። መሰላል አቁሞ ጣሪያው ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ ሲገባ፣ ቱቦው እዚያው የሙቀት መከላከያው ጥጥ ላይ ተጥሎ አገኘው። ወደ ውጭ አይወጣም። ዙሪያው በእጅ የሚታፈስ ግራጫ ብናኝ ነው፤ ከበላዩ ያለው የጣሪያ እንጨትም ጠቁሯል።

ልጄ አስም አለበት። እናቴም ከጎንደር መጥታ አብራን ናት፤ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ስለዚህ ለእኔ ጉዳዩ የመስኮት ላብ ብቻ አይደለም።

ሁለት ሠራተኞች መጥተው አይተውልናል። የመጀመሪያው «ቱቦውን ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስገቡት፤ ብናኙን ውሃው ይይዘዋል» አለን። ሁለተኛው ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ የአየር ማውጫ ቱቦ ጋር ላገናኘው ብሎ ዋጋ ሰጠን። ሁለቱም ነገሩን ቀላል አድርገው ተናገሩ፤ እኔ ግን አላመንኩም። ክፍሉን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አንችልም፤ የውሃ መስመሩ ያለው እዚያ ነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ካለ በእግዚአብሔር ስም ምከሩኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦

እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አፓርታማ ላይ ስኖር ሠራተኛው ያላችሁን ዓይነት ነገር ተጠቅሜያለሁ። ከቤት ዕቃ መደብር የሚገዛ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ከታች ውሃ ይደረግበታል፣ ከላይ ወንፊት አለው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ግድግዳም መብሳት አያስፈልግም። በክረምት ሙቀቱ ቤት ውስጥ መቅረቱ ራሱ ጥቅም አለው፤ የአሜሪካ ክረምት ቤቱን እንዴት እንደሚያደርቀው ታውቂያለሽ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈት አድርጎ ማራገቢያውን ማስነሳት ነው። ብዙ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሞክሪው።

ላሜራ ሠሪው፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ማሽን ዛሬ አታስነሺው። ፕላስቲኩ ቱቦ ተነቅሎ እስኪጣልና ጣሪያ ሥር ያለው ብናኝ እስኪጸዳ ድረስ ይቁም። ይህን የምለው ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። በዚህ አገር ኑሮዬ የላሜራ ቱቦ እየቆረጥኩ፣ እየገጠምኩና እየሰቀልኩ ነው፤ አንቺ የጻፍሽውን ዓይነት ጣሪያ ሥር ገብቼ አይቻለሁ። የጨርቅ ብናኝ ማለት የተፈታ ጥጥ ነው፤ እሳት ለመያዝ ከእሱ የፈጠነ ነገር ቤትሽ ውስጥ የለም። ፕላስቲኩ ቱቦ ደግሞ ይቀልጣል፣ ይነዳል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ያለውን መረጃ ይዞ ባወጣው ዘገባ፣ በየዓመቱ ወደ 2,900 የሚጠጋ የመኖሪያ ቤት እሳት ከልብስ ማድረቂያ እንደሚነሳ ገምቷል። ከምክንያቶቹ የመጀመሪያው አለማጽዳት ነው፤ 34 በመቶውን ይይዛል።

አሁን ወደ ባልዲው ልምጣ። የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ በቅንነት እንደመከረ አውቃለሁ፤ ግን ይህ ምክር አስም ያለበት ልጅ ላለበት ቤት አይሆንም። እስቲ ውሃውን እናስላ። ደረቅ ክብደቱ አምስት ኪሎ የሆነ ልብስ ከማጠቢያው ተጨምቆ ሲወጣ የክብደቱን ግማሽ ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ማድረቂያው ያንን ውሃ አያጠፋውም፤ ወደ እንፋሎት ቀይሮ በቱቦው ይተፋዋል። ባልዲው ብናኙን በከፊል ይይዛል፤ እንፋሎቱን ግን ምንም አያደርገውም። በሳምንት አምስት ጊዜ ብታጥቢ ከአሥራ ሁለት ሊትር በላይ ውሃ መኝታ ቤትሽ ውስጥ እየረጨሽ ነው። ያ ውሃ ቀዝቃዛ ግድግዳና መስታወት ፈልጎ ይቀመጣል፤ ሻጋታው የሚበቅለውም እዚያው ነው። በወንፊቱ የሚያልፈው ደቃቅ ብናኝ ደግሞ በእናትሽና በልጅሽ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የክረምቱ አየር ደረቅ ነው ከተባለ እርጥበቱን እየለካ ራሱ የሚቆም ትንሽ የአየር ማርጠቢያ መሣሪያ ይገዛ፤ ለዚያ ተብሎ የማድረቂያ ትንፋሽ አይተነፈስም።

ከመታጠቢያ ቤቱ ማውጫ ጋር ላገናኘው ያለውን ሰው ደግሞ ዳግመኛ እንዳትጠሪው። የማድረቂያ ቱቦ ከማንም ጋር አይጋራም። ብናኙ የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ ይደፍነዋል፤ ማራገቢያው በማይሠራበት ሰዓትም ሞቃቱ አየር ተመልሶ በመታጠቢያ ቤቱ ይወጣል። ከመጸዳጃውም፣ ከኩሽናውም፣ ከጋዝ ጭስ ማውጫውም ራሱን የቻለ መሆን አለበት፤ የአገሩ የግንባታ ደንብም የሚለው ይህንን ነው።

ደንቡ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ምክንያት አለው። ቱቦው ውስጡ ለስላሳ የሆነ ላሜራ፣ ስፋቱ 4 ኢንች ይሁን። ተጣጣፊና ሽንሽን ቱቦ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ አይገባም፤ ብናኙ በእያንዳንዱ ሽንሽን ላይ ያርፋላ። ከማሽኑ ጀርባ እስከ ግድግዳው ያለችውን አጭር ርቀት ብቻ ለዚህ ተብሎ በተፈቀደ ተጣጣፊ የብረት ቱቦ ማገናኘት ይቻላል፤ እሱም ከ8 ጫማ መብለጥ የለበትም፤ የሚታይ ቦታ ላይ ይሁን። የቱቦዎቹ መጋጠሚያ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይግባ፤ ማለትም ወደ ማሽኑ የቀረበው ቱቦ አፍ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቱቦ ውስጥ። በብሎን ካጠበቁት የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ከ1/8 ኢንች በላይ አይውጣ፤ ብናኝ የሚንጠለጠልበት መስቀያ እንዳይሆን ነው። መጋጠሚያው በአልሙኒየም ፕላስተር ይታሸግ፤ በግራጫው የጨርቅ ፕላስተር አይሁን፣ ሙቀት ሲነካው ይላቀቃልና። ጫፉ ከቤት ውጭ ይውጣ፤ አየሩ ሲገፋው የሚከፈትና ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ይኑረው፤ ወንፊት ግን በፍጹም አይደረግበት። ወፍ እንዳይገባ ብለው ወንፊት የሚያደርጉ አሉ፤ ወንፊቱ በጥቂት ወራት ውስጥ በብናኝ ይደፈናል።

ርዝመቱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። አምራቹ ሌላ ቁጥር ካልሰጠ በቀር ከፍተኛው 35 ጫማ ነው፤ ወደ 10.7 ሜትር ይጠጋል። በእያንዳንዱ ቀጥ ባለ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ 5 ጫማ፣ በእያንዳንዱ የ45 ዲግሪ መታጠፊያ 2.5 ጫማ ይቀነሳል። ስለዚህ መታጠፊያ ማብዛት ርዝመት ማብዛት ነው።

እስቲ የሚከተሉትን ለክተሽ ንገሪኝ፦ ከማሽኑ ጀርባ እስከ ኮርኒሱ ስንት ጫማ ነው? ከኮርኒሱ እስከ ጣሪያውስ በዚያች ክፍል ላይ ቀጥታ ስንት ነው? ማሽኑ በእርግጥ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው? በክፍሉ ውስጥ ወይም በአጠገቡ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አለ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሽኑን ከመሰኪያው ነቅለነዋል፤ ልብሱን እየያዝን መንገድ ላይ ካለው የሕዝብ ማጠቢያ ቤት እየወሰድን ነው። ባለቤቴ ለክቷል። ከማሽኑ ጀርባ እስከ ኮርኒሱ 8 ጫማ፣ ከኮርኒሱ እስከ ጣሪያው በዚያ ቦታ 5 ጫማ ነው። ማሽኑ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ምድር ቤት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለቤቴ ጣሪያውን ከመብሳት ይልቅ በኮርኒሱ ውስጥ ወደ ጓሮው ግድግዳ ብንወስደው ይሻላል ይላል። ጣሪያ ከተበሳ ያፈሳል ብሎ ይፈራል። ርቀቱ 19 ጫማ ነው። ደግሞ እናቴ ጋቢዋንና ነጠላዋን ማሽን ውስጥ አስገቢልኝ አትልም፤ እኔ ግን ለብርዱ ብዬ ጋቢውን አደርቅላት ነበር። እሱም ችግር ይኖረው ይሆን?

ላሜራ ሠሪው፦

ባለቤትሽ የጣሪያ ፍሳሽ መፍራቱ ተገቢ ነው፤ ግን በእናንተ ዓይነት ቤት የጓሮው መንገድ የባሰ ይሆናል። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ላይ የወለሉና የኮርኒሱ ተሸካሚ እንጨቶች አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት ግድግዳ እስከ ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚዘረጉት። ወደ ጓሮ የሚሄድ ቱቦ ሁሉንም እያቋረጠ መሄድ ሊኖርበት ነው። ባለ 4 ኢንች ቀዳዳ በእያንዳንዱ ተሸካሚ ላይ መብሳት ቤቱን ማድከም ነው፤ ያለ መሐንዲስ ማንም እንዳይነካባችሁ። ወደ ጎረቤት ግድግዳም አይታሰብም፤ ያ ግድግዳ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይሻገር የተሠራ ስለሆነ አይበሳም።

ወደ ላይ ግን ቀጥታ አለሽ። 8 እና 5 ሲደመር 13 ጫማ። ከማሽኑ ጀርባ ወደ ላይ ለመዞር አንድ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ፣ 5 ጫማ። ጣሪያ ሥር ያለውን እንጨት ለማለፍ ሁለት የ45 ዲግሪ መታጠፊያ ብትጨምሪ ሌላ 5 ጫማ። በጠቅላላው 23 ጫማ፤ ከ35ቱ በታች ነው፤ ገና 12 ጫማ ትርፍ አለ። ከዚህ የተሻለ መንገድ ፈልገሽ አታገኚም።

የማስጠነቅቅሽ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ብርዱ ነው። ጣሪያ ሥር ያለው ቦታ በጥር ወር ይቀዘቅዛል፤ እርጥቡ አየር በቀዝቃዛ ላሜራ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውሃ ተለውጦ ወደ ማሽኑ ተመልሶ ይወርዳል፤ ብናኙንም ያጨቀየዋል። ስለዚህ እዚያ ያለው የቱቦው ክፍል ከውጭ በሙቀት መከላከያ ይጠቅለል። ሁለተኛው የጣሪያው ክዳን ነው። ለማድረቂያ ማሽን የተሠራ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ክዳን ይገዛ፤ ለመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ የተሠራውንና ወንፊት ያለውን አትቀበሉ። ከመስኮትና ከማንኛውም ወደ ቤት አየር ከሚያስገባ ክፍት ቦታ ቢያንስ 3 ጫማ ይራቅ። ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ወዳሉበት አታውጡት፤ የተባረረው እንፋሎት በዚያው ተመልሶ ጣሪያ ሥር ይገባል። ፍሳሽን በተመለከተ የጣሪያ ሠራተኛ ክዳኑን ከጣሪያው ሽፋን ሥር አስገብቶ ሲያስቀምጠው ውሃው በላዩ ያልፋል። ይህንን የጣሪያ ሙያተኛ ይሥራው፤ እንደ እኔ ዓይነቱ ላሜራ ሠሪ ደግሞ ቱቦውን።

በኋላ ማጽዳቱ አይረሳ። ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቱቦ ከግድግዳ ከሚወጣው ይልቅ ቶሎ ይደፈናል፤ ብናኙ ወደ ላይ መገፋት አለበትና። በዓመት አንድ ጊዜ በረጅም ብሩሽ ይጸዳ። ልብሱ የሚደርቅበት ጊዜ ከረዘመ፣ ወይም የማሽኑ ላይኛው ክፍል ከወትሮው ይልቅ ካቃጠለሽ ዓመት አትጠብቂ።

ክፍሏን ዘግተሽ አታስነሺው። ማድረቂያ የሚያወጣውን ያህል አየር ከክፍሉ ይስባል፤ አየር ካጣ አይሠራም። የቁም ሣጥን ያህል በሆነች ክፍል ውስጥ ያለ ከሆነ ቢያንስ 100 ካሬ ኢንች ክፍተት ያለው በር ያስፈልጋል፤ አየር የሚያሳልፉ ክፍተቶች በተርታ ያሉበት በር ማለቴ ነው። ውሃ ማሞቂያሽ ምድር ቤት መሆኑ ደስ አሰኘኝ። እዚያው አጠገቡ ቢሆን ኖሮ ማድረቂያው አየር ሲስብ የጋዙን ጭስ ወደ ቤት ሊመልሰው ይችል ነበር። ለማንኛውም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁ ይኑርሽ።

ስለ ጋቢው፦ ጋቢ ጥጡ በእጅ የተፈተለ ነው፤ በተለይ አዲስ ሲሆን ብናኙ እጅግ ብዙ ነው፤ ውሃም በጣም ይይዛል። እናትሽ ልክ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ማጠቢያው በደንብ ጨምቆት በመስቀያ ላይ መዘርጋት ነው። ግድ ከሆነ ብቻውን አድርቂው፤ የማሽኑን ወንፊት ከእያንዳንዱ ዙር በፊትና በኋላ ጠርጊው።

ከስቶክሆልም፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ፣ የጋሼን ምክር ሳልነካ ሌላ አማራጭ ልጨምር፤ ምናልባት ጣሪያ መብሳት የማይፈቀድላችሁ ከሆነ ይጠቅማችኋል። እኛ እዚህ ስዊድን በአፓርታማችን ውስጥ የምንጠቀመው ማድረቂያ ምንም ቱቦ የለውም። የሙቀት ፓምፕ ያለው ዓይነት ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ዓይነት ዘዴ ይጠቀማል፤ የልብሱን እንፋሎት በቀዝቃዛ ክፍሉ ላይ አሳልፎ ወደ ውሃ ይለውጠዋል፤ የሞቀውን አየር ደግሞ መልሶ ወደ ልብሱ ይልከዋል። ውሃው በታንክ ይጠራቀማል፣ ወይም በቀጭን ቱቦ ወደ ማጠቢያው ፍሳሽ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ እጅግ ጥብቅ ስለሆነ፣ አዲስ ወደ ገበያ የሚገቡት የቤት ማድረቂያዎች በተግባር የዚህ ዓይነት ብቻ ናቸው።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ጊዜ ይወስዳል፤ ቱቦ ካለው ይልቅ አንድ ዙር ሊረዝም ይችላል። ወንፊቱም የውስጥ ማጣሪያውም በየጊዜው ካልጸዱ ማሽኑ ይዳከማል። ክፍሉን ትንሽ ያሞቃል እንጂ አያረጥብም። የድሮው ቱቦ አልባ ማድረቂያ፣ የሙቀት ፓምፕ የሌለው፣ ክፍሉን ከዚህ በጣም አብልጦ ያሞቃል፤ እሱን አትግዢ። አሜሪካ ውስጥም በ120 ቮልት የሚሠሩ፣ ማጠቢያና ማድረቂያው በአንድ የሆኑ ማሽኖች እየተሸጡ ነው፤ ወንድሜ በኒው ጀርሲ ያለው አንድ አለው።

የሂያትስቪሉ፦

ጋሼ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። የእኔ ማድረቂያ በጋዝ የሚሠራ ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ቱቦው ተሰብሯል። ወደ ውጭ እስኪሠራልኝ ድረስ የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ ያለውን የውሃ ሣጥን ለአንድ ክረምት ልጠቀምበት?

ላሜራ ሠሪው፦

አይሆንም። ለአንድ ክረምት ብቻ ሳይሆን ለአንድ ዙር ልብስም አይሆንም። በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያ እሳቱ የሚነድበት ጭስ ከልብሱ እንፋሎት ጋር አብሮ በዚያው ቱቦ ነው የሚወጣው። ያንን ወደ ቤት ውስጥ መልቀቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ቤት መልቀቅ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። የሣጥኖቹ መመሪያ ራሱ ለጋዝ ማድረቂያ አይጠቀሙ ይላል። የጋዙን ቧንቧ ዝጋና ቱቦው እስኪታደስ ጠብቅ። ልጆች ካሉህ እለምንሃለሁ፣ ዛሬ ማታ ዝጋው።

የስቶክሆልሙ ሰው የተናገረው እውነት ነው። ጣሪያ የማይበሳ ከሆነ ምርጫው የሙቀት ፓምፕ ነው፤ ከባልዲውም፣ ጫፉ ጣሪያ ሥር ከተጣለ ቱቦም እጅግ ይሻላል። እህቴ፣ አንቺ ግን የ23 ጫማ መንገድ ስላለሽና ማሽንሽ ሳይበላሽ ስላለ፣ የእኔ ምክር ቱቦውን ማሠራት ነው። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ ጣሪያውን ከመንካትሽ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቂ፤ ከካውንቲውም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ሠራተኛው አጣርቶ ያምጣልሽ። «አያስፈልግም» ካለሽ በወረቀት ይጻፍልሽ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ማኅበር አለን። ማመልከቻውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፤ የጣሪያ ሠራተኛም ለቅዳሜ ይዘናል። ሠራተኛው ሥራውን ሲጨርስ እኔና ባለቤቴ ምን እንይ? ሙያውን ስለማናውቅ ያሳዩንን ሁሉ ልክ ነው ብለን እንዳንቀበል ፈራሁ።

ላሜራ ሠሪው፦

ኮርኒሱ ከመደፈኑ በፊት ጣሪያ ሥር ገብታችሁ እዩት። የድሮው ብናኝና የረጠበው ጥጥ ተለቅሞ ወጥቶ በአዲስ ተተክቷል? የጠቆረውን እንጨት በሹል ነገር ወጋ አድርጉት፤ ከለሰለሰ አናጢ ይይ። ቱቦው ላሜራ ነው፣ ተጣጣፊ ቱቦ የትም አልተደበቀም? መጋጠሚያው ሁሉ በአልሙኒየም ፕላስተር ታሽጓል? በሙቀት መከላከያ ተጠቅልሏል? ጎንበስ ቀና የሚል ቦታ ሳይኖር በማሰሪያ ተይዟል? የሁሉንም ፎቶ አንሱ። ከዚያ ማሽኑን ባዶውን አስነስታችሁ አንዳችሁ ጓሮ ውጡና የጣሪያውን ክዳን ተመልከቱ፤ አየሩ ሲገፋው ክዳኑ በደንብ መከፈት አለበት፤ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ መዘጋት። ክዳኑ ካልተነሳ ገንዘቡን አትክፈሉ። በመጨረሻ የቱቦውን ርዝመትና የመታጠፊያዎቹን ብዛት በወረቀት ጽፋችሁ ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ ወደፊት አዲስ ማሽን ስትገዙ ሻጩ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።